በመልክ ወይስ በሥራ? የሐበሻን ፈድል በዘረዘሩ ኪታቦች ላይ የቀረበ ሂስ

የባግዳዱ ዐሊም ኢብኑል ጀውዚ (የሞቱት በ597 ዓ.ሂ./1201 እ.ኤ.አ.) «ተንዊሩል ገበሽ ፊ ፈድሊስ ሱዳን ወል ሐበሽ» የተሰኘውን ኪታባቸውን ለምን እንዳዘጋጁ በመግቢያው ላይ ይነግሩናል። ከሐበሾች ወገን የሆኑ ደጋግ ሰዎች በቆዳቸው መጥቆር ምክንያት ልባቸው ተሰብሮ አዩ፤ ቁም ነገሩ ያለው በመልክ ሳይሆን በበጎ ሥራ መሆኑን አስረዷቸው፤ ከዚያም የወገኖቻቸውን ክብር የሚያሳይ መጽሐፍ ጻፉላቸው። ብዕራቸውን ያነሡት የተሰበረ ልብ ለመጠገን ነው። ወደ ሂሱ የምንገባው ይህን ውለታ ሳንዘነጋ ነው።

ሂሳችን ባጭሩ ይህ ነው። ኪታቡ በመግቢያው ያነሣውን ሚዛን በውስጡ አልጠበቀም። በጎ ሥራ ነው የሚመዘነው ካለ በኋላ፣ በሥራ ያልተገኙ ነገሮችን ከሥራዎች ጋር ቀላቅሎ መዘነ። ይህ መቀላቀል የአንድ ደራሲ ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሣነው ነበር። ነገር ግን የመላው ዘርፍ ጠባይ ነው፤ ከዘርፉም አልፎ ዛሬ እኛ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ስለ ራሳችን በምንናገርበት አንደበት ውስጥ ይኖራል። በአገራችን ስለ ኢስላም ታሪክ ከሚሰጡ ትምህርቶችና ከሚጻፉ መጻሕፍት በነጃሺና በቢላል የማይጀምሩት ጥቂት ናቸው። የምንኮራው በእነርሱ ነው። ጥያቄው፣ የምንኮራው በሠሩት ሥራ ነው ወይስ ከእነርሱ ጋር በተካፈልነው ምድርና መልክ? የሚለው ነው።

ሁለት ሚዛን በአንድ ኪታብ

የዚህ ዘርፍ ድርሰቶች ብዙ ናቸው። ከኢብኑል ጀውዚ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብለው የበስራው አል-ጃሒዝ (255 ዓ.ሂ./868-9) «ፈኽሩስ ሱዳን ዐለል ቢዳን» የሚል ሪሳላ ጽፈዋል። ከኢብኑል ጀውዚ በኋላ ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ (911 ዓ.ሂ./1505) «ረፍዑ ሸእኒል ሑብሻን»ን፣ ሙሐመድ ኢብኑ ዐብዱልባቂ አል-ቡኻሪ ደግሞ በ991 ዓ.ሂ. (1583) «አጥ-ጢራዙል መንቁሽ ፊ መሓሲኒል ሑቡሽ»ን አዘጋጅተዋል። የኋለኛው ከፊተኛው እየወሰደ ስለሄደ፣ የመጀመሪያዎቹ የቀላቀሉት ለመጨረሻዎቹም ተላልፏል።

በእነዚህ ኪታቦች ውስጥ ሁለት ዓይነት ማስረጃ ጎን ለጎን ቆሞ እናገኛለን። አንደኛው የሥራ ማስረጃ ነው። ቢላል (ረ.ዐ.) በመካ ሥቃይ ላይ የታገሠው ትዕግሥት፣ ነጃሺ ለስደተኞች ያሳዩት ፍትሕ፣ የመካው ሙፍቲ ዐጧእ ኢብኑ አቢ ረባሕ (114 ዓ.ሂ./732) ለዕውቀት የከፈሉት ዋጋ ከዚህ ይመደባሉ። ዐጧእ ጥቁር፣ አንካሳና አንድ ዐይና እንደነበሩ የሕይወት ታሪካቸው ጸሐፊዎች ይዘግባሉ። ሃያ ዓመት ያህል መኝታቸው የመስጊዱ ወለል እንደነበረም እነዚሁ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። የበኒ ኡመያ ኸሊፋ ከፊታቸው ተቀምጦ የሐጅን ሕግ የጠየቀው ስለዚህ ዕውቀታቸው ነው።

ሁለተኛው የተፈጥሮ ማስረጃ ነው። ጃሒዝ የጥቁሮችን ጉልበት፣ ሳይማሩ የሚችሉትን ዘፈንና የእግር ምት፣ የአንደበታቸውን ርቱዕነት፣ የእጃቸውን ለጋስነት ለሕዝቡ ሁሉ የተሰጠ ባሕርይ አድርገው ይዘረዝራሉ። ኢብኑል ጀውዚ ከሰዎቹ አልፈው ጥቁር ቀለም ያላቸውን ድንጋዮችና ዕፀዋት ጥቅም እስከ መቁጠር ይደርሳሉ። የጥቁር ድንጋይ ጥቅም ግን ለቢላል ምን ይጨምርለታል? የአንድ ሰው ጉልበትስ ያንን ጉልበት ለሌለው ወገኑ እንዴት ፈድል ሊሆን ይችላል?

እዚህ ላይ የሁለቱን ደራሲዎች ታላቅ ውለታ መናገር ፍትሕ ነው። ጃሒዝ የቆዳን ጥቁረት ከቅጣት አውጥተው ከአገር ጠባይ ጋር አያይዘውታል፤ ለዚህም በበኒ ሱለይም ጥቁር ድንጋያማ ምድር የሚኖር ፍጥረት ሁሉ እንደሚጠቁር በምሳሌነት ጠቅሰዋል። ኢብኑል ጀውዚም ጥቁረት በኑሕ ልጅ በሓም ላይ ከወረደ እርግማን መጣ የሚለውን ወሬ ያልጸናና ትክክል ያልሆነ ብለው ጥለውታል። ይህ በዘመናቸው ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ማስረጃቸው በሁለት በኩል የተሳለ ነው። መልክ ሰው ያላጠፋው ነገር ስለሆነ ነውር መሆን ካልቻለ፣ ሰው ያልሠራው ነገር ስለሆነ ፈድልም መሆን አይችልም። ነውርን ከቀለም ያነሣው ክርክር ኩራትንም ከቀለም ያነሣል። ደራሲዎቹ በግማሹ ተጠቅመው ግማሹን ተዉት።

ውዳሴና ዘገባ

ሁለተኛው ድካም የዘገባ ነው። ኢብኑል ቀይም (751 ዓ.ሂ./1350) ሐበሾችንና ጥቁሮችን በሚያወግዙ ሐዲሦች ላይ አጠቃላይ ፍርድ ሰጥተው ሁሉም ውሸት መሆናቸውን ጽፈዋል። ይህን ፍርድ እኛ በደስታ እንጠቅሳለን፤ መጥቀሳችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ውግዘቱን ያበጠርንበትን ወንፊት ለውዳሴው ስንጠቀምበት አንታይም። ሉቅማንን፣ ነጃሺንና ቢላልን የጀነት አለቆች ብሎ የሚቆጥረው ዘገባ ሰነዱ ደካማ መሆኑን የሐዲሥ ሊቃውንት ተናግረዋል፤ ከሚንበር ላይ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ይነገራል።

በአገራችን ይበልጥ የታወቀው ደግሞ የቢላል «ሲን» በአላህ ዘንድ «ሺን» ናት የሚለው አባባል ነው። ቢላል «ሺን»ን ማውጣት ስላልቻለ በአዛኑ «ሲን» ይል ነበር ይባላል። አል-ሚዚና ኢብኑ ከሢር ይህ ነገር መሠረት የሌለው መሆኑን ገልጸዋል። አባባሉን የምንወደው አላህ የሐበሻውን ጉድለት ተቀበለለት ስለሚል ነው። ሳናስተውል ግን ቢላልን ለማወደስ ስንል ያልነበረበትን ጉድለት ሰጠነው። ጸንቶ የተላለፈው ዘገባ ተቃራኒውን ይናገራል፤ ወደ እርሱ በኋላ እንመለሳለን።

ውዳሴና ዋጋ

ሦስተኛው ድካም ከሁሉ የከበደ ነው። በተፈጥሮ ባሕርይ ሕዝብን ማወደስ የነዚህ ኪታቦች ደራሲዎች ብቻ ያደረጉት ነገር አይደለም። የባግዳዱ ክርስቲያን ሐኪም ኢብኑ ቡጥላን (458 ዓ.ሂ./1066) ባሪያ ለሚገዙ ሰዎች መመሪያ የሚሆን ሪሳላ ጽፎ ነበር። በዚያም የየአገሩን ሰው፣ ሐበሾችንም ጨምሮ፣ በጠባይ፣ በአካልና በታማኝነት እየለየ ይዘረዝራል። የእርሱ ዝርዝርና በፈዷኢል ኪታቦች ውስጥ የምናገኘው የመሓሲን ዝርዝር አንዳንድ ቦታ ላይ እጅግ ይቀራረባሉ። በተለይ የሐበሻ ሴቶች ውበት በሚነሣበት ምዕራፍ ላይ፣ የምናነበው የክብር ቃል ይሁን የገበያ ቃል ለመለየት እንቸገራለን።

ደራሲዎቹን ከነጋዴ ጋር ማመሳሰላችን አይደለም፤ ዓላማቸው የተለየ ነው። የሚዛኑ ጠባይ ግን አንድ ነው። ሰው በያዘው ባሕርይ ሲወደስ፣ ባሕርይው ከሰውየው ተነጥሎ ዋጋ ሊወጣለት ይችላል። ጉልበቱን ያወደሰ ጉልበቱን ሊገዛ ይችላል፤ ድምፁን ያወደሰም እንዲሁ። ትዕግሥቱን፣ ፍትሑን፣ ዕውቀት ፍለጋውን ያወደሰ ግን ሰውየውን ራሱን ከማክበር በቀር የሚገዛው ነገር አያገኝም። በባርነት የነበሩ ሰዎችን ክብር ለመመለስ የተጻፈ ኪታብ ከዚህ ነገር ሊጠነቀቅ ይገባው ነበር።

የቢላል ድምፅና የቢላል ሥራ

ታዲያ ተፈጥሮ ምንም ቦታ የለውምን? አለው። ለዚህ ከቢላል የተሻለ ምስክር አናገኝም፤ ስለ እርሱ የተላለፉ ሁለት ዘገባዎችን ጎን ለጎን እንመልከት።

የመጀመሪያው የአዛን አጀማመር ዘገባ ነው። አቡ ዳዉድ እንደዘገቡት ዐብዱላህ ኢብኑ ዘይድ የአዛንን ቃላት በሕልሙ ሰምቶ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነግራቸው፣ ቃላቱን ለቢላል እንዲያስተላልፍ አዘዙት፤ ምክንያቱንም የቢላል ድምፅ ከእርሱ ድምፅ ይልቅ ያማረና ርቆ የሚሰማ መሆኑን በመግለጽ አስረዱ። ድምፅ የተፈጥሮ ስጦታ ነው። ሕልሙን ያየው ሌላ፣ አዛን ባይ ቢላል ሆነ። የተፈጥሮ ስጦታ እዚህ ላይ ተቆጥሯል።

ሁለተኛውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ የፈጅር ሶላት ጊዜ የቢላልን የእግር ኮቴ በጀነት ውስጥ ከፊታቸው መስማታቸውን ነገሩት፤ በኢስላም ከሠራቸው ሥራዎች አብልጦ ተስፋ የሚጥልበት የትኛው እንደሆነም ጠየቁት። እርሱም በሌሊትም ሆነ በቀን ውዱእ ባደረገ ቁጥር የተጻፈለትን ያህል ሶላት እንደሚሰግድ መለሰ። የተጠየቀው ስለ ሥራው ነው። የመካውን ሥቃይ እንኳ አልጠቀሰም። የመለሰው ማንም ድሃ፣ ማንም መልከ ጥፉ፣ ማንም ድምፀ ጎርናና ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ነው።

ከሁለቱ ዘገባዎች የምንረዳው ይህን ነው፦ የተፈጥሮ ስጦታ የሥራ ድርሻን ይወስናል፣ ደረጃን ግን አይወስንም። ድምፁ ያማረ አዛን ይበል፤ ጉልበት ያለው ሸክም ያንሣ፤ አእምሮው የሰላ ይማር፤ ከዚያ በኋላ የሚመዘነው በስጦታው የሠራበት ነው። ሰዎችን እንደ ወርቅና ብር ማዕድን የሚመስለው፣ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው ሐዲሥም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። በጃሂሊያ ዘመን ምርጥ የነበሩት በኢስላምም ምርጥ እንደሚሆኑ ይገልጻል፤ ነገር ግን ዲንን ማወቃቸውን ቅድመ ሁኔታ ያደርጋል። ማዕድን ካልተቆፈረና ካልነጠረ አፈር ውስጥ የተቀበረ ነገር ነው።

ነጃሺም እንዲሁ ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በ615 ሶሓቦችን ወደ ሐበሻ ሲልኩ፣ በሲራ እንደተላለፈው፣ ለምርጫቸው የሰጡት ምክንያት በዚያ ያለው ንጉሥ ዘንድ ማንም የማይበደል መሆኑን ነው። ምድሪቱንም የእውነት ምድር ብለው ጠርተዋታል። ይህ ስም ለምድሪቱ የተሰጠው ከንጉሡ ፍትሕ ጋር ተያይዞ ነው። ንጉሡ ሲሞቱም በደግነት ጠቅሰዋቸው በሌሉበት ሰገዱባቸው። ደግነት ከአፈር አይበቅልም፤ በዚያው ዙፋን ላይ ከእርሳቸው በኋላ የተቀመጠ ሁሉ ያንን ስም አላገኘም።

ከሚንበር እስከ ኒካሕ

ይህ ክርክር ከመጽሐፍ መደርደሪያ ወጥቶ የሰው ሕይወት ላይ የሚደርሰው በጋብቻ ጊዜ ነው። ጃሒዝ በሪሳላቸው ውስጥ ጥቁሮች ለዐረቦች ያቀረቡትን አንድ ወቀሳ ይጠቅሳሉ፤ በጃሂሊያ ዘመን ለጋብቻ አቻ አድርጋችሁ ስታዩን የኢስላም ፍትሕ ከመጣ በኋላ እንዴት ናቃችሁን? የሚል ይዘት አለው። ይህን ስናነብ ሐበሻነታችን ተቆርቁሮ ከወቃሾቹ ጎን እንቆማለን። ነገር ግን በሽምግልና በተቀመጥንባቸው የኒካሕ ጉዳዮች ስንቱን አይተናል! ጁሙዓ ስለ ቢላል ኹጥባ ሲሰማ ዐይኑ እንባ ያቀረረ አባት፣ ቅዳሜ ልጁን ለጠየቀው ወጣት አጥንት ይቆጥራል። የቅድመ አያቱን ባርነት፣ የአባቱን ቀጥቃጭነት ወይም ሸማኔነት ያነሣል። ወጣቱ ሶላቱን ይጠብቅ፣ በላቡ ይደር፣ ይህ ሁሉ ከሚዛን አይገባም። በቢላል የሚኮራው ሰው ቢላል ራሱ ሽማግሌ ቢልክበት አይቀበለውም ነበር።

እዚህ ላይ ፊቅሁን መሸሽ አይገባንም። በሐለቃዎቻችን የሚቀራው የኢማሙ ነወዊ (676 ዓ.ሂ./1277) «ሚንሃጁ ጧሊቢን» በጋብቻ አቻነት መስፈርቶች ውስጥ ነሰብንና ሙያን ይቆጥራል፤ ጠራጊና እረኛ ለልብስ ሰፊ ልጅ አቻ እንዳልሆኑም ይጠቅሳል። ኢማሙ ማሊክ በበኩላቸው አቻነትን በዋነኛነት በዲን ላይ አቁመዋል። የመጀመሪያዎቹም ቢሆኑ የተናገሩት በአላህ ዘንድ ስላለ ደረጃ አይደለም። በጊዜያቸው ልማድ ሙሽራይቱና ወሊዮቿ እንዳይጎዱ የተጠበቀ መብት ነው፤ እርሷና እነርሱ ከወደዱ ሊተዉት ይችላሉ። ስለዚህ የልማድ ፍርድን የዲን ፍርድ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ኢማሞቹን አልተከተለም።

ሱንናው ራሱ የሚያሳየን ምንድን ነው? ቁረይሻዊቷ ፋጢማ ቢንት ቀይስ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስታማክር ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን እንድታገባ መከሯት። ኡሳማ የአባቱ ወገን ነፃ የወጣ ሰው፣ እናቱ ኡሙ አይመን ደግሞ የሐበሻ ሴት ነበረች። ፋጢማ መጀመሪያ ጠልታው፣ በኋላ አላህ በጋብቻው መልካም እንዳደረገላት ሙስሊም ዘግበዋል። መስጊድ ትጠርግ የነበረችው ጥቁር ሴትም አለች። በሌሊት ሞታ ሰዎች ነገሯን አቅልለው ሳይነግሯቸው ሲቀሩ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ እርሷ ጠይቀው መቃብሯ ላይ ሄደው ሰገዱባት። በሶሒሕ ዘገባዎቹ ውስጥ ዘሯ አልተቆጠረም፤ የቀረልን መጥረጓ ነው።

የእጅ ሙያን መናቅም ከየት እንደመጣ እንወቅ። ዳዉድ (ዐ.ሰ.) ብረት ተለዝቦላቸው ጥሩር እንደሠሩ ቁርኣን ይነግረናል፤ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበርም በሐዲሥ ተላልፏል። አል-ኸሷፍ ማለት ጫማ ሰፊ፣ አል-ቀፋል ማለት ቁልፍ ሠሪ፣ አዝ-ዘጃጅ ማለት የመስተዋት ባለሙያ ነው። የፊቅሁና የነሕው ሊቃውንት በእነዚህ ስሞች ሲጠሩ አላፈሩም። በጎንደርም ሙስሊሙ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በ1668 ሰፈሩ እንዲለይ ተወስኖበት፣ ርስት ተከልክሎ በኖረበት ዘመን፣ ዲኑን ጠብቆ የቆየው በንግድና በሽመና ነው። የዚያ ሕዝብ ልጅ ሸማኔን ሲንቅ ያኖረውን እጅ መናቁ ነው።

በጥረትስ መኩራት ይገባልን?

አንባቢ እስካሁን ካልነው ተነሥቶ፣ እንግዲህ በተወለድንበት ሳይሆን በደከምንበት እንኩራ የሚል መደምደሚያ ሊጠብቅ ይችላል። በዘመናችን ይህ አባባል ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ከዘር ኩራትም ይሻላል። ነገር ግን ቁርኣን ከዚህ አንድ እርምጃ ይሻገራል። በቁርኣን ውስጥ በተፈጠረበት ነገር የኮራ አለ፤ እርሱም ከእሳት መፈጠሩን ቆጥሮ ለአደም አልሰግድም ያለው ኢብሊስ ነው። በጥረቱ የኮራም አለ፤ እርሱም ሀብቱን ባለኝ ዕውቀት አገኘሁት ያለው ቃሩን ነው (ሱረቱል ቀሶስ 76-82)። መጨረሻቸው የተለያየ አልሆነም። ሥራ የሚመዘንበት ነገር ነው፤ የሚመዘነው ግን ራሱ ሚዛኑን ሊይዝ አይችልም። ለሥራ ያበቃው ጤና፣ ያስተማረው መምህር፣ ያሳደገችው እናት፣ ከሁሉም በላይ የአላህ ተውፊቅ ከእርሱ አልመጡም። ዑለማዎቻችን የሰውን ድርጊት «ከስብ» ሲሉ፣ ሰው በሥራው ተጠያቂ መሆኑንና የሥራው ፈጣሪ አለመሆኑን በአንድ ቃል አስተምረዋል።

ለዚህም ነው ሱረቱል ሑጁራት በ13ኛው አንቀጹ ነገድና ጎሣን የመተዋወቂያ ምልክት አድርጎ ክብርን ከተቅዋ ጋር ያያያዘው። ተቅዋ በልብ ያለ ነገር ስለሆነ የያዘው ሰው ራሱ እርግጠኛ ሆኖ ሊመካበት አይችልም። የሰውነት ክብር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሱረቱል ኢስራእ በ70ኛው አንቀጹ የአደምን ልጆች ሁሉ መከበር ይናገራል፤ ይህ ክብር ጥረትንም ዘርንም አይጠይቅም። የባግዳድ ሐበሾች የተሰበረ ልብ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይህ ነበር። ሰው ሆናችሁ የተከበራችሁ ናችሁ፤ ማስረጃ አቅርቡ የሚላችሁ የለም ቢባሉ ይበቃ ነበር። ጥቁር ድንጋይ በምስክርነት መጠራት አላስፈለገውም።

እንግዲህ ነጃሺና ቢላል ለእኛ ምን ይሁኑ? ንብረት ሳይሆኑ ዕዳ ይሁኑ እንላለን። ስደተኛን ያስጠለለ ንጉሥ የእኛ ነው የሚል ሰው፣ በደጁ ስለሚያልፈው ስደተኛ ይጠየቃል። ሙአዚኑ የእኛ ነው የሚል ሰው፣ ልጁን ስለ ከለከለው ቀጥቃጭ ይጠየቃል። የመስኩ ተመራማሪዎችም የፈዷኢልን ኪታቦች ስንተረጉምና ስናስተዋውቅ፣ የሥራውን ማስረጃ ከተፈጥሮው፣ ጽኑውን ዘገባ ከደካማው ለይተን ማቅረብ ይጠበቅብናል። ይህን ካላደረግን ኢብኑል ጀውዚ ሊጠግኑት የፈለጉትን ልብ በመቅበጥ እንተካዋለን እንጂ አንጠግነውም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለቢላል ያቀረቡት ጥያቄ አሁንም መልስ የሚፈልግ ነው፤ ከሥራህ አብልጠህ ተስፋ የምትጥልበት የትኛው ነው? ለዚህ ጥያቄ የቢላልን ስም በመልስነት ማቅረብ አንችልም፤ እርሱ የራሱን መልስ ሰጥቷል። ወላሁ አዕለም።